መልስ፦ ባህር ዳር ቤት ልገዛ ነው፣ ኢንጅነር ላሳየው ወይ?

እህቴ፣ ቤቱ አዲስ ቀለም ተቀብቷል ባለሙያ ማሳየት ያስፈልጋል ወይ ላልሽው፣ እንደውም አዲስ ቀለም ስለተቀባ ነው የሚያስፈልግሽ። እኔ ሚያዝያ ላይ ስገዛ ሁሉ ነገር ደረቅ ነበር፣ ነሀሴ ሲገባ ግን ሴፕቲክ ታንኩ ሞልቶ ሽንት ቤቱ ወደኋላ መመለስ ጀመረ፣ ሀይቁ አካባቢ ክረምት ላይ የከርሰ ምድር ውሃው ወደ ላይ ይመጣላ።

ዋናው ጣጣ ደሞ አፈሩ ነው፣ ጥቁሩ ዋልካ ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ መሰረቱ በደንብ ካልተሰራ ቤቱን ይዞት ይነሳል ይወርዳል። ስለዚህ ከመስኮትና ከበር ጥግ በሰያፍ የወጣ ስንጥቅ፣ አልገጥም ያለ በር፣ ግድግዳው ስር የእርጥበት ምልክት ካለ እዪ፣ ልስኑ ላይ ያለች የፀጉር ያህል ስንጥቅ ግን አታስደንግጥሽ።

የምትቀጥሪው ሲቪል ኢንጅነር ደላላው ያመጣው እንዳይሆን፣ ደላላው ኮሚሽኑን የሚያገኘው ሽያጩ ሲያልቅ ነው። ኮርኒስ ውስጥ ገብቶ ጣራውን እንዲያይልሽ አድርጊ፣ ምጣድ የሚሸከም የኤሌክትሪክ መስመርና ኧርዝ (ኤሌክትሪክ እንዳይነዝርሽ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ) መኖሩንም ይፈትሽ። ይሄን ሁሉ ቀብድ ከመክፈልሽ በፊት ነው፣ ያገኘውንም ፅፎ ይስጥሽ ዋጋ ስትደራደሪ ይጠቅምሻል። ካርታውንና እዳ እገዳ ማጣራት ግን ሌላ ስራ ነው፣ እሱን ኢንጅነሩ አያይልሽም።