የአቤሜሌክ አሮጌ ጨርቅ

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአራዳ ጊዮርጊስ ቅጥር ግቢ ቆመን ስንጨዋወት፣ ከመካከላችሁ በዚህ ዓመት በነርስነት ተመርቃ ሥራ የጀመረችው ልጅ «የታዘዝሁትን ሁሉ እፈጽማለሁ፤ ማታ ቤቴ ስገባ ግን ምንም የሠራሁ አይመስለኝም» ብላ ነበር። እኔም ከ1973 እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ በዚሁ በመሀል አዲስ አበባ በነርስነት ያገለገልሁ ጡረተኛ ነኝና፣ ነገሩ የራሴም የቆየ ጭንቀት ስለሆነ እዚያው ቆሜ በሁለት ቃል ልመልስላት አልፈለግሁም። በፒያሳ በኩል ወደ አራት ኪሎ በእግሬ ስመለስ ሳሰላስል በልቡናዬ የመጣው ሰው አቤሜሌክ ነው።

ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ሲባል አብዛኞቻችሁ የምታስቡት በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ፊልጶስ በሠረገላው ላይ ያገኘውን የህንደኬን ሹም ነው። ከትንቢተ ኤርምያስም ቢሆን ሁላችን በቃላችን የያዝነው፣ ኢትዮጵያዊ መልኩን ይለውጥ ዘንድ ይችላልን የሚለውን የምዕራፍ 13ን ቃል ነው። በዚያው መጽሐፍ በምዕራፍ 38 የምናገኘውን፣ በይሁዳ ንጉሥ ቤት ያገለግል የነበረውን ሌላውን ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ አቤሜሌክን ግን አንብበነው እናልፋለን እንጂ አብረነው አንቆይም። ስሙ ራሱ በዕብራይስጥ «የንጉሥ አገልጋይ» ማለት ስለሆነ፣ እናቱ ያወጣችለት ይሁን ወይስ በሥራው የተጠራበት ብዬ አንዳንድ ጊዜ እጠይቃለሁ።

ዘመኑ የባቢሎን ሠራዊት ኢየሩሳሌምን የከበበበትና በከተማዪቱ እንጀራ የታጣበት ጊዜ ነበር። ነቢዩ ኤርምያስ ከተማዪቱ በባቢሎን ንጉሥ እጅ እንደምትወድቅ፣ ወጥቶ እጁን የሚሰጥ ግን በሕይወት እንደሚኖር በመናገሩ፣ አራት ሹማምንት «የወታደሩን እጅ ያደክማል» ብለው ነቢዩ እንዲገደል ንጉሡን ሴዴቅያስን ጠየቁት፤ እርሱም ሊቃወማቸው አቅም ስላልነበረው በእጃችሁ ነው አላቸው። ነቢዩን በገመድ አውርደው ውኃ ከሌለበት፣ ጭቃ ብቻ ካለበት ጕድጓድ ከተቱት።

አቤሜሌክ ይህን ሲሰማ ያደረገውን ልብ በሉ። በቤተ መንግሥቱ ጓዳ አላጉረመረመም፤ በሌሊት ገመድ ይዞም አልሄደም። ንጉሡ በብንያም በር ተቀምጦ ነበርና በቀጥታ ወደዚያ ሄዶ፣ እነዚህ ሰዎች በነቢዩ ላይ ያደረጉት ክፉ ነው፣ በከተማም እንጀራ የለምና ባለበት በራብ ይሞታል አለው። ይኸው ነው። ስለ ትንቢቱ እውነትነት አልተከራከረም፤ የሹማምንቱን የቀደመ በደል አልቆጠረም። በእኛ ሙያ ተረኛ ሲቀያየር እንደሚሰጥ ጥሩ ሪፖርት፣ የሆነውንና ዝም ቢባል የሚሆነውን ብቻ ተናገረ። ትናንት ለአራቱ እሺ ያለው ደካማ ንጉሥ ዛሬ ለአንድ አገልጋይ እሺ አለ፤ ስለ አለቆቻችሁ ድክመት ስታወሩ ስለምሰማ ይህን ጣል ማድረጌ ነው፤ ደካማ አለቃ ለክፉ ምክር እንደሚመቸው ሁሉ ለደግ ቃልም ሊመቸው ይችላል፤ ደፍሮ የሚነግረው ሰው ካገኘ።

ንጉሡም 30 ሰዎችን ወስደህ ሳይሞት አውጣው ብሎ አዘዘው። ትእዛዙ በዚህ አበቃ። ገመድም ሰውም አለ፤ ጕድጓዱም ይታወቃል። አቤሜሌክ ግን በቀጥታ ወደ ጕድጓዱ አልሄደም። በቤተ መንግሥቱ ከግምጃ ቤቱ በታች ወዳለው ስፍራ ገብቶ አሮጌ ጨርቅና ያለቀ ልብስ ወሰደ፤ እርሱንም አልወረወረለትም፣ በገመድ አወረደለት እንጂ፤ ከዚያም ጨርቁን በብብትህ ሥር ከገመዱ በታች አድርገው አለው። ኤርምያስም እንዲሁ አደረገ፤ በገመድም ጎትተው አወጡት።

ይህን ጨርቅ ማንም አላዘዘውም። ነቢዩን በዚያው ዓይነት ገመድ ያወረዱት ሰዎች ስለ ብብቱ አላሰቡም። የተራበ ሰው ምን እንደሚመስል ለምታውቁ፣ ሥጋ በሌለበት አጥንት ላይ ገመድ ሲያርፍና መላው ክብደቱ በእርሱ ላይ ሲንጠለጠል ቆዳው እንዴት እንደሚላጥ መናገር አያስፈልገኝም። ደግሞም አሮጌ ጨርቅ የት እንደሚገኝ የሚያውቅ ምን ዓይነት ሰው ነው? ሹማምንቱ ግምጃ ቤቱን ያውቁት ይሆናል፤ ከግምጃ ቤቱ በታች ያለውን የሚያውቀው ግን ዕለት ዕለት እዚያ የሚወርድ አገልጋይ ነው።

እኔ ይህን የተማርሁት በጥፋቴ ነው። በሥራዬ በሁለተኛው ዓመት፣ ግማሽ አካላቸው የማይንቀሳቀስ አንድ አዛውንት በነበርሁበት ክፍል ተኝተው ነበር። በካርዳቸው ላይ በየሁለት ሰዓቱ ጎናቸው እንዲለወጥ ታዝዟል፤ እኔም በሌሊት ተራዬ አንድም ሰዓት ሳላሳልፍ እለውጣቸውና በመከታተያው ቅጽ ላይ እፈርም ነበር። ቅጹ ሙሉ ነው፤ ፊርማዬም ያምራል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን በተረከዛቸው ላይ የአልጋ ቁስል ወጣ። የክፍሉ ኃላፊ ቅጹን አገላብጣ ስታይ ጉድለት ስላላገኘችብኝ እኔም ምንም አላጠፋሁም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

በማግሥቱ ሌሊት ወለል የሚወለውሉ አንዲት እናት መወልወያቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ወደ አልጋው ቀረቡና «ልጄ፣ ጎናቸውን ለውጠሻል፤ እግራቸው የት ላይ እንደሚያርፍስ አይተሻል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እርሳቸውም ልብስ ከሚታጠብበት ክፍል ያለቀ ብርድ ልብስ አምጥተው አጣጠፉና ከአዛውንቱ ባት ሥር አደረጉት፤ ተረከዙም ፍራሹን ሳይነካ በአየር ላይ ቀረ። ከተረከዙ ሥር ሳይሆን ከባቱ ሥር መሆኑን ልብ ያላችሁ ነርሶች ታውቁታላችሁ። እኚያ እናት የነርስነት ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጡም። እኔ ግን የምስክር ወረቀቴን በፍሬም አሰቅዬ ነበር።

እንግዲህ እህታችሁ ለጠየቀችው የምመልሰው ይህን ነው። የታዘዝሽውን መፈጸምሽ ስሕተት አይደለም፤ አቤሜሌክም ያለ ንጉሡ ፈቃድ አንድ ርምጃ አልሄደም። ነገር ግን በካርዱ ላይ የተጻፈው ሰው ያዘዘሽ ነው፤ እግዚአብሔር የሚያዝሽ ብዙ ጊዜ ካርዱ ባለቀበት ቦታ ይጀምራል፤ እዚያም የሚፈርም የለም። ደግሞ መታዘዝ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ነቢዩን ወደ ጭቃው በገመድ ያወረዱትም በሹማምንቱ ቃል ያደረጉት ነበር። ክፉ ትእዛዝ ሲመጣ ወደ ብንያም በር ሄዶ በግልጽ መናገር እንደሚገባ ከላይ ያልሁት ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ፍርሃት። ምዕራፍ 38ን ብቻ ያነበበ ሰው አቤሜሌክ ደፋር ነበር ይላል፤ እኔም ለብዙ ዓመታት እንዲያ ይመስለኝ ነበር። በምዕራፍ 39 መጨረሻ ግን ኤርምያስ ገና በግዞት ቤቱ አደባባይ ሳለ የእግዚአብሔር ቃል ለአቤሜሌክ ይመጣል፤ ቃሉም በምትፈራቸው ሰዎች እጅ አልሰጥህም የሚል ነው። ለካ ይፈራ ነበር! በንጉሡ ፊት ቆሞ አራቱን ሹማምንት ሲከስስ፣ ጨርቁን ሲሰበስብ፣ ገመዱን ሲያወርድ ሁሉ ልቡ ይመታ ነበር፤ ከእግዚአብሔር በቀር ግን ያወቀበት የለም። ነፍሱም እንደ ምርኮ እንደምትሆንለት፣ ማለትም ከሞት እንደሚተርፍ፣ ተስፋ ከተሰጠው በኋላ ምክንያቱ ሲነገር «በእኔ ታምነሃልና» ይላል። አቤሜሌክ ሲጸልይ ወይም ስለ እምነቱ ሲናገር በመጽሐፉ አናይም፤ ያየነው ሲለምንና ጨርቅ ሲያነሣ ነው። እግዚአብሔር ያንን መታመን ብሎ ቆጠረው።

ውጤቱንም አላጋንንላችሁም። ኤርምያስ ከጭቃው ወጣ እንጂ ነጻ አልወጣም፤ ከተማዪቱ እስክትያዝ ድረስ በግዞት ቤቱ አደባባይ ተቀመጠ። ኢየሩሳሌምም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ዓመት ገደማ ወደቀች፤ ቤተ መቅደሱም ተቃጠለ። በ38 ዓመት ውስጥ እኔም ድነው በእግራቸው ሲሄዱ ያየኋቸው ሕሙማን እንዳሉ ሁሉ፣ ከሥቃይ ወደ ቀለለ ሥቃይ ብቻ ያሻገርኋቸው ብዙ ናቸው።

ቤተ ክርስቲያናችን ከመጻሕፍት ቍጥር አግብታ በያዘችው በተረፈ ባሮክ ስለዚሁ አቤሜሌክ የተጻፈ ሌላ ታሪክ አለ። ከተማዪቱ ከመማረኳ በፊት ኤርምያስ ማልዶ ለድውያን በለስ እንዲያመጣ ላከው፤ እርሱም በለሱን በቅርጫት ይዞ ሲመለስ ሙቀት ስለ በረታበት በዛፍ ጥላ ሥር አረፍ ብሎ 66 ዓመት ተኛ። ሲነቃ ራሱ ከብዶት ጥቂት እንቅልፍ ልጨምር ብሎ ነበር፤ ነገር ግን አባቴ ኤርምያስ ባይቸኩል በማለዳ አይልከኝም፣ ብዘገይ ያዝንብኛል ብሎ ተነሣ። ከቅርጫቱ ውስጥ ያሉት በለሶች ገና ወተታቸው ይንጠባጠብ ነበር። ወደ ከተማዪቱ ሲገባ ግን ቤቱንም ሰፈሩንም ማወቅ አቃተው፤ እኔም ፈርሶ እንደ አዲስ በተሠራው ፒያሳ ሳልፍ የዕድሜ ልክ መንገዴ እየጠፋኝ ስቆም እርሱን አስታውሳለሁ። አንድ ሽማግሌ አግኝቶ ስለ ኤርምያስ ጠየቀው፤ ሽማግሌውም ነቢዩ ከሕዝቡ ጋር በባቢሎን እንዳለ ነገረው። በለሱ የተቆረጠላቸው ድውያን አልነበሩም። አቤሜሌክም ከቅርጫቱ አንሥቶ ለሽማግሌው ሰጠው።