“ብሎኩ ሞልቷል” ሲባል

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በአሜሪካ ቤት ማከራየትና የከተማ ደንብ (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)

ጥያቄ፦ ሚኒሶታ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ ሲንግል ፋሚሊ ቤት ልገዛ ነው። አሁንም ተከራይ አለበት፤ ሻጩ “ኪራዩ ሞርጌጁን ይሸፍንልሃል” ይለኛል። አንድ ወዳጄ ግን “ብሎኩ ከሞላ ሲቲው አያስከራይህም” አለኝ። እንዲህ ያለ ሕግ አለ?

መልስ፦ አለ። ስሙ የገነነው የዊኖና፣ ሚኒሶታ ደንብ ነው። ዊኖና የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። ቤቶቹ አንድ በአንድ ወደ ተማሪ ኪራይ ሲዞሩ መኪና ማቆሚያ ጠፋ፤ ነዋሪውም አማረረ። በ2005 የከተማዋ ምክር ቤት በአንድ ብሎክ ካሉት ቦታዎች (ሎቶች) ከ30 በመቶ በላይ የማከራያ ፈቃድ እንዳያገኙ ደነገገ፤ “ብሎኩ ሞላ” የሚባለው ይህ ገደብ ሲደርስ ነው። ባለቤቶች ከሰሱ። የስቴቱ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2014 ለከተማዋ ፈረደ። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ በ2015 ከሳሾቹን በቀጥታ የሚነካ ክርክር አልቀረም ብሎ መዝገቡን ዘጋ፤ ገደቡ ሕጋዊ ነው ወይ የሚለውን ዋናውን ጥያቄ ሳይመልሰው ቀረ።

ሰው በብዛት የሚሳሳተው ቆጠራው ላይ ነው። የሚቆጠረው ተከራይ ያለበት ቤት ሁሉ ሳይሆን ፈቃድ ያለው ቦታ ነው። ብሎኩ 12 ቦታ ካለው 30 በመቶው 3.6 ይመጣል። ይህች 0.6 ወደ 4 ከፍ ትላለች ወይስ ትጣላለች? ቤትዎ የሚከራይ ወይም የማይከራይ በዚህች ክፍልፋይ ሊሆን ይችላል፤ መልሱም ያለው በየከተማው ደንብ ላይ ነው።

ቤቱ ውስጥ ተከራይ መኖሩ ምንም አያረጋግጥም። ሻጩ ፈቃድ ሳይኖረው እያከራየ ሊሆን ይችላል፤ ፈቃዱ ጊዜው አልፎበት፣ ወይም በሽያጭ የማይተላለፍ ሆኖም ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ኦፈር ከማስገባትዎ በፊት የሲቲውን የቤቶች ኢንስፔክሽን ክፍል አድራሻውን ሰጥተው ይጠይቁ፦ በብሎኩ ስንት ቦታ አለ፣ ስንቱ ፈቃድ አለው፣ የዚህ ቤት ፈቃድ ለገዢ ይተላለፋል ወይ፣ ከሞላስ የተራ መዝገብ አለ ወይ? መልሱን በኢሜይል ያስጽፉ፤ በስልክ “ችግር የለውም” ያለዎት ሠራተኛ በኋላ አያስታውስዎትም። የግዢ ውሉም ላይ “የማከራያ ፈቃድ ካልተገኘ ውሉ ይፈርሳል፣ ቀብዱም ይመለሳል” የሚል አንቀጽ ሪልተርዎ ያስገባልዎ። ሪልተሩ “ኧረ አያስፈልግም” ካለ፣ እኛ ብንሆን ሪልተር እንቀይራለን።

ጥያቄ፦ ኦሮራ፣ ኮሎራዶ አንድ ቤት ተከራይተን አምስት ጓደኛሞች እንኖራለን። አከራያችን “ዘመድ ያልሆነ ይህን ያህል ሰው ሲቲው አይፈቅድም” እያለ ሁለታችንን ሊያስወጣ ነው።

መልስ፦ ያ ክልከላ ኮሎራዶ ውስጥ ቀርቷል። ከሐምሌ 2024 መጀመሪያ አንሥቶ በስቴቱ ሕግ ማንኛውም ከተማ በዝምድና ላይ ተመሥርቶ የነዋሪ ቁጥር መገደብ አይችልም፤ መገደብ የሚችለው በዋናነት ለጤናና ለደኅንነት ሲባል ነው። ሆኖም ሊዛችሁ ላይ “ከሦስት ሰው በላይ አይኖርም” የሚል ካለ ያ የከተማ ደንብ ሳይሆን እናንተ የፈረማችሁት ውል ነው። አስቀድማችሁ እሱን አንብቡ።

ሌላ ስቴት ያላችሁ ግን አትቸኩሉ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1974 በቤል ቴር (የኒው ዮርክ መንደር) ጉዳይ ዝምድና በሌላቸው ሰዎች ላይ የሚጣለውን ገደብ አጽድቋል። በ1977 ደግሞ የኦሃዮዋ ከተማ ኢስት ክሊቭላንድ እርስ በርሳቸው የአጎት ልጆች የሆኑ የልጅ ልጆቿን አብራ ያኖረችን አያት “ይህ ቤተሰብ አይባልም” ብላ ስትቀጣ ፍርድ ቤቱ ደንቡን ጣለው። ለእኛ ቤት፣ አያት ከነልጅ ልጇ ቤተሰብ ካልተባለ ማን ሊባል ነው? ዘመዳሞችን የሚጠብቀው ያ ፍርድ ነው፤ ለጓደኛሞች ግን አይደርስም።

አንዱ ገደብ ሲነሣ ሌላው ሊመጣ ይችላል። አዮዋ በ2017 የዝምድናውን ገደብ ለኪራይ ቤቶች ስትከለክል፣ አዮዋ ሲቲ ፈቃዱን በሰፈር 30 በመቶ ላይ ቆረጠች፤ ስቴቱ በ2019 ያንንም ከለከለ።

ጥያቄ፦ ቤዝመንቴን እንደ መኝታ ባከራየው ኢንስፔክተር ምን ያያል?

መልስ፦ ከፈቃዱ በተጨማሪ ወለሉንና መስኮቱን። ብዙ ከተሞች በሚጠቀሙበት የቤቶች ኮድ (ደንብ) መሠረት መኝታ ለአንድ ሰው ቢያንስ 70 ስኩዌር ፊት፣ ከአንድ በላይ ከሆነ በነፍስ ወከፍ 50 መሆን አለበት። 10 በ13 ፊት የሆነ ክፍል 130 ስለሆነ ሁለት ሰው ይይዛል፤ ለሦስት 150 ያስፈልጋል።

ብዙውን ቤት የሚጥለው መስኮቱ ነው። ለእሳት ማምለጫ የሚሆነው ክፍተት ቢያንስ 20 ኢንች ስፋት፣ 24 ኢንች ቁመት ይኑረው ይባላል፤ ግን ሁለቱን ትንሾች ብታባዙ 3.3 ስኩዌር ፊት ብቻ ነው፤ የሚፈለገው ደግሞ 5.7፣ ደፉ ከውጭው መሬት ብዙ ለማይርቅ መስኮት 5 ነው። የሚለካውም መስኮቱ ተከፍቶ ነው። 48 በ28 ኢንች ተንሸራታች መስኮት ትልቅ ይመስላል፤ ግን የሚከፈተው ግማሹ፣ 24 በ28፣ ማለትም 4.7 ስኩዌር ፊት ስለሆነ ይወድቃል። ደፉ ከወለሉ ከ44 ኢንች በላይ ከፍ ካለም እንዲሁ። ደረጃ ወይም ሳጥን ከስር አስጠግቶ ማለፍ ይቻል እንደሆነ መስኮት ከማስቀየርዎ በፊት ኢንስፔክተሩን ይጠይቁ፤ አንዳንዱ ይቀበላል፣ አንዳንዱ አይቀበልም።