ሆድ ይፍጀው አትበሉ

ልጆቼ፣

በነርስነት 34 ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። አብዛኛው ዕድሜዬ ያለፈው በተመላላሽ ሕክምና ክፍል ነው። እዚያ «ጨጓራዬን» የሚል ወጣት ሳላይ የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ መጣ። ያቃጥለዋል፣ እህል አይወርድለትም፣ እንቅልፍ የለውም። የጨጓራ ባክቴሪያ እንዳይሆን ተመረመረ። ድሮ የጨጓራ ቁስለት ከብስጭት ይመጣል ይባል ነበር። ኤች ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ አግኝተው ይህን አስተሳሰብ የለወጡት ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ አውስትራሊያውያን ሐኪሞች ናቸው፤ በ2005 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ስለዚህ የሚያማችሁ ተመርመሩ፤ «ንዴት ነው» ብላችሁ አትተዉት።

የልጁ ውጤት ግን ንጹሕ ነበር። በሦስተኛው ጊዜ ካርዱን አስቀምጬ «ቤተሰብ ደኅና ነው?» አልኩት። አቀርቅሮ ቆየና አለቀሰ። ከትምህርቱ ከተባረረ አንድ ሴሚስተር ሆኖታል። አባቱ አልሰሙም፤ በየወሩ ገንዘብ ይልኩለታል።

ከኩላሊቶቻችን በላይ ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች አሉ። በሌሊት መንገድ ጅብ ቢያጋጥማችሁ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ሆርሞኖች ይለቃሉ፤ ልብ ይደልቃል፣ ደም ወደ ጡንቻ ይሮጣል፣ ሆድ ሥራውን ያቀዘቅዛል። ጅቡ ሲሄድ ሰውነት ይረጋጋል። ያ ልጅ ግን ጅቡን አቅፎ ነበር የሚተኛው።

ለአባቱ ነገራቸው። ተቆጡ፤ ከዚያ ራሳቸው መጥተው ወሰዱት። መድኃኒት ያላስተኛው ልጅ ያን ሰሞን መተኛት ጀመረ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲሉ አበው የቁስልን ነገር ብቻ የተናገሩ አይመስለኝም።

ቀና አመለካከት ይኑራችሁ እላለሁ፤ ሁልጊዜ ሳቁ ማለቴ ግን አይደለም። እኔ እንደማውቀው ቀና ሰው ያመመውን ይናገራል፤ ተናግሮም ነገ አንድ የሚሠራው ነገር እንዳለ ያምናል።

ይህን የተማርኩት በራሴ ስሕተት ነው፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ከአረብ አገር የተመለሰች ወጣት መጥታ ምንም ነገር ደስ እንደማይላት፣ ከአልጋ መነሳት ተራራ እንደሆነባት ነገረችኝ። ወረፋው ረጅም ነበር። «አይዞሽ እናቴ፣ ቀና ቀናውን አስቢ» ብዬ ሸኘኋት። ከወር በኋላ እህቷ ደግፋ አመጣቻት፤ አጥንቷ ወጥቷል። አይዞሽ መልካም ቃል ነው፤ ድብርት ለያዘው ሰው ግን ብቻውን አይበቃም። ኀዘኑ ሁለት ሳምንት ካለፈውና ምግብን፣ እንቅልፍን፣ ሥራን ከነሳችሁ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናም አለው። ሞትን የምትመኙ ከሆነ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ለምታምኑት ሰው ንገሩና አብራችሁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

የድብርት ኪኒን እንደ ራስ ምታት መድኃኒት በሰዓታት አይሠራም፣ ሳምንታት ይፈልጋል። ብዙዎች የሚያቋርጡት ለውጥ ሳያዩ በፊት ነው። ጠበል የምትሄዱም ሂዱ፤ ኪኒኑን ግን ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ አታቁሙ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ያቺን ልጅ ወደ አእምሮ ሐኪም ላክናት። ከሁለት ወር በኋላ እኔን ፈልጋ መጣች። እንቅልፏ እንዴት እንደሆነ ልጠይቃት ስል ቀደመችኝ፤ «እትዬ፣ የእናቴ ሽሮ ጣመኝ» አለችኝ።