«ከጽሞና በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን ጮህኩ»

ጥያቄ፦ እንደምን ከረሙ? የ38 ዓመት ሴት፣ የሁለት ልጆች እናትና ነርስ ነኝ። በቅርቡ ስምንት ቀን ሙሉ ከንግግር ታቅቤ በጽሞና ቆየሁ። ስልኬን መግቢያው ላይ አስረክቤ፣ በደወል እየተነሳሁ፣ በደወል እየተኛሁ ነበር የሰነበትኩት። ስወጣ ልቤ የሰፋ፣ ትከሻዬ የቀለለ መሰለኝ። ከእንግዲህ በቁጣ አልናገርም ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ግን የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ ትምህርት ቤት መሄጃው ደርሶ አንድ እግር ጫማው ጠፋበት፤ እኔም ጮህኩበት። ድምፄን ራሴ ስሰማው ደነገጥኩ። ከዚያ ወዲህ ሰላሜ እንደ ጉም ተኗል። ስምንቱ ቀን ከንቱ ነበር ማለት ነው? ያንን ሰላም ወደ ቤቴ እንዴት ላምጣው? ወይስ ቶሎ ብዬ ወደዚያው ልመለስ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ ዓይኔ ያረፈው «ድምፄን ራሴ ስሰማው ደነገጥኩ» ያልሽው ላይ ነው። ከመሄድሽ በፊት ስትቆጪ ድምፅሽ ይሰማሽ ነበር? የአንቺን አላውቅም፤ እኔ ግን ለብዙ ዓመታት በተቆጣሁ ቁጥር የሚሰማኝ የሌላው ሰው ጥፋት እንጂ የራሴ ድምፅ አልነበረም። ስለዚህ ባዶ እጅሽን አልተመለስሽም፤ የሚሰማ ጆሮ ይዘሽ መጥተሻል። ያማል፤ ቢሆንም የጽሞና ፍሬ ነው።

ሰላሙን በተመለከተ ግን ቆም ብለሽ እንድታስቢ እፈልጋለሁ። እዚያ ሳለሽ ቀኑ በሌላ ሰው እጅ ተሰፍሮ ነበር የሚሰጥሽ። ምግቡን ሌላ ሰው ያበስላል፤ ደወሉን ሌላ ሰው ይደውላል፤ ማን መቼ ይነሣ፣ ማን ምን ይልበስ ብለሽ የምትወስኝው ነገር አልነበረም። ቤቱንም የሥራ ቦታውንም ተሸክሞ የኖረ ትከሻ ስምንት ቀን ሸክሙን ሲያወርድ ቢቀለው አይገርምም። ያንን ስሜት እንዳለ ላምጣ ማለት የምንጭ ውሃ በእፍኝ ይዞ ረጅም መንገድ እንደ መጓዝ ነው። ሊመጣ የሚችለው ስሜቱን የወለደው ሥርዓት ነው፤ እሱም ቢሆን አንድ ቁራጩ ብቻ።

እኔ ይህን የተማርኩት ወድቄ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከጽሞና ስመለስ መርሐ ግብሩን በሙሉ ገልብጬ መኝታ ቤቴ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት፤ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል መነሣት፣ አንድ ሰዓት ጸሎት፣ ግማሽ ሰዓት ንባብ፣ ከዚያ እስከ ረፋድ ዝምታ። ባለቤቴ ስታናግረኝ በጣቴ ወደ ወረቀቱ እጠቁም ነበር። ልጆቹ በእግር ጣታቸው መሄድ ጀመሩ። የእኔ ዝምታ የእነሱ ጭንቀት ሆነ። በ11ኛው ቀን እንቅልፍ አሸነፈኝ፤ በ12ኛው ወረቀቱን ቀደድኩት። አፍሬ ጽሞናውን ወደ መሩልን አዛውንት ሄድኩና የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። «እዚያ ሳለህ ማንም ሳያዝህ፣ ወደህ ያደረግኸው ነገር ምን ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ጎህ ሲቀድ መስኮት አጠገብ አንዲት ወንበር ላይ እቀመጥ ነበር አልኳቸው። «እንግዲያው ወንበሯን አስቀራት፤ ሌላውን ተወው» አሉኝ።

ወንበሯን እስከ ዛሬ አልተውኳትም። ማለዳ ውሃ እጥድና እስኪፈላ ድረስ እቀመጣለሁ። ስልኬ በሌላ ክፍል መሳቢያ ውስጥ ነው። ማንቆርቆሪያው መጀመሪያ ዝም ይላል፤ ቆይቶ ከሩቅ እንደሚመጣ ዝናብ ማጉረምረም ይጀምራል፤ መጨረሻ ላይ ክዳኑ ይንቀጠቀጣል። ክዳኑ ሲንቀጠቀጥ፣ የጀመርኩት ጸሎት ባያልቅም እነሣለሁ።

ባያልቅም መነሣትን ትልቅ ቦታ እሰጠዋለሁ። በአምስተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ስለ ግብፅ መነኮሳት የጻፈው ዮሐንስ ካሲያን፣ በር ተንኳኩቶ ለጸሎት ወይም ለሥራ ሲጠሩ ጽሑፍ የያዘው መነኩሴ የጀመረውን ፊደል እንኳ ሳይጨርስ ይነሣ ነበር ይላል። አንቺም ስምንት ቀን ሙሉ የተለማመድሽው ይህንኑ ነው። ደወል ሲደወል የጀመርሽውን ትተሽ፣ ሳታጉረመርሚ ሄደሻል። ቤትሽም ውስጥ ደወል አለ፤ «እማዬ፣ ጫማዬ የለም!» የሚለው ድምፅ ነው። እዚያ ደወሉ ዝምታሽን ሲያቋርጥ አልተቆጣሽም፤ ምክንያቱም የጽሞናው አካል መሆኑን ታውቂ ነበር። የልጅሽን ጥሪ ግን ከጽሞናሽ የሚነጥቅሽ አድርገሽ ሰማሽው። እኔ በዚህ ላይ ብቻ ለአንድ ወር እንድትሠሪ እመክርሻለሁ። ሲጠራሽ በእጅሽ ያለውን አስቀምጪ፤ አንድ ጊዜ ተንፍሺ፤ ከዚያ ፊትሽን አዙሪ። ምናልባት ከአሥሩ ጥሪ ሁለቱ ይሳኩልሽ ይሆናል። ይበቃል።

ነርስ መሆንሽ ደግሞ እኔ የሌለኝን ዕድል ሰጥቶሻል። በአንድ ፈረቃ ስንት ጊዜ እጅሽን ትታጠቢያለሽ? የዓለም ጤና ድርጅት እጅን በውሃና በሳሙና ለመታጠብ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ እንደሚመክር ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ያ ጊዜ አስቀድሞ የተሰጠሽ ነው፤ ከማንም አትወስጂውም። ውሃው እጅሽ ላይ ሲፈስ ከአጠገቡ የተለየሽውን ሕመምተኛ ለፈጣሪ አደራ ስጪ፤ ስታደርቂ ቀጥሎ የምትሄጂለትን ሰው ስም በልብሽ ጥሪ። ሌላ ምንም አትጨምሪበት። መጨመር ሲያምርሽ የእኔን ወረቀት አስቢ።

በሦስተኛው ቀን ሁሉም ከንቱ ነበር ብለሽ መፍረድሽ ግን ቸኩሏል። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪዎች አዲስ ልማድ የጀመሩ 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንታት ተከታትለው ነበር። ነገሩ ሳይታሰብ የሚደረግ እስኪሆን የሚወስደው ጊዜ መካከለኛው 66 ቀን ሆነ፤ እንደየሰውም ከ18 ቀን አንሥቶ፣ ከክትትሉ ጊዜ አልፎ በስሌት እስከተገመተው 254 ቀን ድረስ ይለያያል። አንድ ቀን የዘለለም ሰው በዚያ ምክንያት ልማዱ አልፈረሰበትም።

ቶሎ ልመለስ ወይ ላልሽው፣ አሁን አትመለሺ። አሁን የምትሄጂው ከቤትሽ ለመሸሽ እንዳይሆን እፈራለሁ። የካቶሊኩ የኢየሱሳውያን ማኅበር መሥራች ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ በ16ኛው መቶ ዘመን የ30 ቀን ጽሞና ሲያዘጋጅ፣ ከሥራቸው መለየት የማይችሉ ሰዎች በቀን አንድ ሰዓት ተኩል እየመደቡ ባሉበት ሆነው እንዲያደርጉት ፈቅዷል። ለሁለት ልጆች እናት አንድ ሰዓት ተኩልም ብዙ ነው። ሐሳቡን ግን ያዢው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ልጅሽ ስለ ጽሞናሽ የሚያውቀው እናቱ ስምንት ቀን እንዳልነበረች ነው፤ ተመልሳም እንደ ጮኸችበት። ዛሬ ማታ ምክንያት ሳትደረድሪ፣ ስለ ድካምሽም ሳትነግሪው ይቅርታ ጠይቂው። ከዚያ ሁለቱንም ጫማ አብራችሁ ፈልጉና በሩ አጠገብ አስቀምጡት።