ኦሌድ እንጀራ ይሆናል ወይ?

ከጅማ አንዲት የኬሚስትሪ ተመራቂ ጽፋልኛለች። ማስተርሷን በብርሃን በሚጠነክሩ ፖሊመሮች (እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ረጃጅም ሞለኪውሎች) ላይ መሥራት ትፈልጋለች፤ ለኦሌድ ስክሪን በሚሆኑት። ኦሌድ ማለት ኤሌክትሪክ ሲያልፍባቸው ራሳቸው የሚያበሩ ስስ የኦርጋኒክ ቁስ ንብርብሮች ናቸው። መርካቶ ቡና የሚነግዱት አባቷ ግን «እዚህ አገር ስክሪን የሚሠራ ማን አለ? ይሄ እንጀራ አይሆንም» አሏት። ማን ልክ ነው ትላለች።

እህቴ፣ አባትሽ ግማሹን ልክ ናቸው። «የኦሌድ ባለሙያ ነኝ» ብለሽ ሲቪ ይዘሽ ብትዞሪ፣ ጅማም አዲስ አበባም የሚያናግርሽ አታገኚም። ግን አንቺ የምትማሪው ስክሪን መሥራት አይደለም። ስስ ፊልም ቀብቶ በብርሃን ማጠንከር ነው።

ለእሳቸውም እንዲገባቸው እንዲህ በያቸው። ኦሌድ ውስጥ ውፍረታቸው በአሥሮች ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው) የሚለካ ንብርብሮች ተደራርበዋል። የስልኮቻችን ኦሌድ ስክሪን በአብዛኛው የሚሠራው ቁሱን አየር በሌለበት ክፍል (ቫኪዩም) ውስጥ በማትነን ነው፤ ውድ ነው። በፈሳሽ መቀባት ይረክሳል። ጣጣው ምንድን ነው? ሁለተኛውን ስትቀቢ ማሟሟቻው የመጀመሪያውን ይዞት ይሄዳል። በኖራ የተቀባ ግድግዳን በእርጥብ ጨርቅ እንደመጥረግ በይው። መላው የመጀመሪያውን ንብርብር በዩቪ (ዓይን በማያየው አልትራቫዮሌት) ብርሃን መትቶ ሞለኪውሎቹን እርስ በርስ ማሰር ነው። የታሰረ አይሟሟም። እ.ኤ.አ. በ2003 የጀርመን ተመራማሪዎች ኦክሴታን የሚባል ቀለበት ያላቸውን ፖሊመሮች በዚህ መንገድ አጠንክረው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ጎን ለጎን አበሩ። እርግጥ ማሰሪያውን የሚያስጀምረው አሲድ ፊልሙ ውስጥ ከቀረ ብርሃኑን ሊያደክም ይችላል። የቴሲስ ጥያቄ እዚያ ጋ አለልሽ።

አባትሽ ጥርስ አስሞልተው ያውቃሉ? ሐኪሙ ሰማያዊ መብራት አፋቸው ውስጥ ያበራው ለዚሁ ነው። ኬሚስትሪው ቢለያይም ሐሳቡ አንድ ነው። ጄል ጥፍር የሚሠሩትም እንዲሁ።

አሁን ወደ ምክሬ። ሙሉ ኦሌድ እሠራለሁ ብለሽ ፕሮፖዛል እንዳትጽፊ። ግላቭ ቦክስ (ናይትሮጅን የሞላ፣ በጓንት የሚሠራበት ዝግ ሳጥን)፣ ብረት የሚያተን ማሽን ይፈልጋል፤ አንዱ ሲበላሽ ሁለት ሴሚስተር ይቃጠላል። ያለቀሱ ተማሪዎች አውቃለሁ።

ፊልሙ ላይ ቆይ። መስታወት ላይ ቀቢ። ዩቪ-ቪስ በሚባለው የብርሃን መለኪያ መሣሪያ ላይ ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ ለኪ። አብሪበት፣ በቶሉዊን (ማሟሟቻ ፈሳሽ ነው) እጠቢው፣ ድጋሚ ለኪ። 1.0 የነበረው 0.95 ከሆነ 95 በመቶው ቆሟል። 0.3 ከሆነ ግን አብዛኛው ታጥቦ ሄዷል፤ የብርሃኑን ጊዜ ወይም የአስጀማሪውን አሲድ መጠን ቀይሪ። ቀላል ሙከራ ናት፤ ግን ሲቪሽ ላይ ቁጥር ታስቀምጥልሻለች።

ይህን እጅሽ ላይ ያለ ችሎታ ቀለም ፋብሪካም፣ ማሸጊያ አታሚም፣ ዩቪ ፕሪንት የሚሠራ ማስታወቂያ ቤትም ይረዳዋል። ለፒኤችዲ ውጭ ማመልከት ከፈለግሽም የላብ ኃላፊዎቹ የሚፈልጉት እንዲህ ያለውን እጅ ነው። በዘርፉ ገንዘብ የለም ማለት አይደለም፤ የጃፓኑ ሱሚቶሞ ኬሚካል በፖሊመር ኦሌድ የታወቀውን የእንግሊዝ ካምብሪጅ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 ገዝቶታል። ብቻ በሩ ጠባብ ነው፤ ብቸኛ ዕቅድሽ አታድርጊው።

ርዕስ ከማስመዝገብሽ በፊት ግን ኪቶ ፉርዲሳ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ካምፓስ፣ ሂጂ። ከፕሮፌሰሩ በፊት የላብ ቴክኒሺያኑን አግኚ፤ ሻይ ቡና እያላችሁ ጠይቂው። መስታወቱን እያሽከረከረ ፈሳሹን በስሱ የሚቀባው ስፒን ኮተር አለ? ይሠራል? የዩቪ መብራቱ የሞገድ ርዝመት ስንት ናኖሜትር ነው? ቶሉዊን የምትጠቀሚበት ጭስ ማውጫስ ይስባል? መልሱን ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ፕሮፖዛሉን ከዚያ አብረን እናያለን።