ትኬትህን በኤፕሪል አትሽጥ፦ የናሽናልስን አጀማመር በምን እንደምትመዝን

ሰላም ወንድሜ። «የዋሽንግተኑን የቤዝቦል ቡድን ናሽናልስን ዘንድሮ መከታተል ጀመርኩ፣ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ተካፍለን የ20 ጨዋታ ትኬት ገዛን፣ ቡድኑ ግን ገና በኤፕሪል በላይ በላዩ ይሸነፋል፤ ትኬቱን ከአሁኑ ልሽጥ ወይስ ልታገስ? የእውነት መጥፎ ቡድን መሆኑንስ በምን አውቃለሁ?» ብለህ ጠይቀሃል። እስካሁን የተሰጡህ መልሶች ግማሹ «ሽጥና ተገላገል»፣ ግማሹ «ታገስ» ነው፤ ምክንያቱን የነገረህ ግን የለም። የጨዋታውን ሕግ ታውቀዋለህ ብዬ በቀጥታ ልግባ።

1. የአሸናፊና ተሸናፊ ሰንጠረዡን ለጊዜው ተወው። አብዛኞቻችን በእግር ኳስ ስላደግን እዚህ ላይ እንሳሳታለን። ፕሪሚየር ሊጉ 38 ጨዋታ ነው፣ ቤዝቦል 162። 20 ጨዋታ የተጫወተ የቤዝቦል ቡድን በፕሪሚየር ሊግ ስሌት 5ኛ ሳምንቱን እንኳ አልጨረሰም። በ5ኛ ሳምንት ቡድን ወርዷል ብሎ የሚምል ሰው ብታገኝ ትስቅበታለህ አይደል?

በሰንጠረዡ ፋንታ ሁለት ቁጥር ያዝ፦ ያስቆጠረውን ራን (ነጥብ) እና የተቆጠረበትን ራን። የቤዝቦል ቁጥር ተመራማሪው ቢል ጄምስ ያወጣት ቀላል ስሌት አለች፤ ያስቆጠረውን በራሱ ታባዛለህ፣ የተቆጠረበትንም እንደዚያው፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ለሁለቱ ድምር ታካፍላለህ። ለምሳሌ አንድ ቡድን በ20 ጨዋታ 90 ራን አስቆጥሮ 100 ቢቆጠርበት፣ 8,100ን ለ18,100 ስታካፍል 0.448 ይመጣል። በ20 ስታባዛው 9 ድል ገደማ ነው። ቡድኑ በተግባር ያሸነፈው 6 ብቻ ከሆነ የጎደሉት 3 ጨዋታዎች ብዙውን ጊዜ በአንድ ራን ልዩነት ያመለጡ ናቸው ማለት ነው፤ ያ ደግሞ ዕድል ነው፣ ወይም ቡልፐን ነው (ዘግይተው የሚገቡት ተተኪ ወርዋሪዎች ናቸው፤ ወደሱ እመጣለሁ)። ስሌቱም 6 የሚል ከሆነ ግን ሕመሙ እውነተኛ ነው።

ለማለፍ የሚያስፈልገውንም አታጋንነው። ከ2022 ጀምሮ ከየሊጉ 6 ቡድን ወደ ፕሌይኦፍ (ወደ ዋንጫው ጥሎ ማለፍ) ያልፋል። አሪዞና በ2023 በ84 ድል ብቻ ወርልድ ሲሪስ (የዋንጫው ፍጻሜ) ድረስ ሄዷል። 7 አሸንፎ 13 የተሸነፈ ቡድን 84 ለመድረስ ከቀሪው 142 ጨዋታ 77 ማሸነፍ አለበት፤ ከመቶ 54 መሆኑ ነው። ይከብዳል፣ ተአምር ግን አይደለም።

በግልባጩ ጥሩ አጀማመርም ያታልላል። በ2023 ፒትስበርግ 20 አሸንፎ 8 ሲሸነፍ ከተማው አብዷል፤ ዓመቱን በ76 ድልና በ86 ሽንፈት ጨረሰ። በዚያው ዓመት ታምፓ ቤይ 13 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ጀመረና ፕሌይኦፍ ላይ በቴክሳስ ሁለት ለዜሮ ተመትቶ በመጀመሪያው ዙር ወደ ቤቱ ሄደ። የ1987ቱ ሚልዋኪ ይባስ፤ እሱም 13 አሸንፎ ጀመረና በሜይ 12 ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፈ።

2. የመቺዎችን አማካይ አትመን። «እገሌ እኮ .200 ነው የሚመታው፣ ለምን ያሰልፉታል?» የሚል ጩኸት በየኤፕሪሉ ትሰማለህ። 60 ጊዜ ለመምታት ለቆመ ሰው .200 ማለት 12 ሂት (የተሳካ ምት) ነው፣ .300 ማለት 18። ጀግናና ከንቱ የሚባሉት በሦስት ሳምንት ውስጥ በ6 ሂት ነው የሚለያዩት! አንዷ ኳስ አንድ ክንድ ወደ ግራ ብታርፍ ስሙ ይቀየራል።

መጀመሪያ እውነቱን የሚናገረው የስትራይክ አውት (ኳሱን መምታት አቅቶት የወጣበት) ብዛት ነው፤ 60 ያህል ጊዜ ከቆመ በኋላ ትርጉም መስጠት ይጀምራል። ዎክ (በአራት የተበላሸ ውርወራ በነፃ ቤዝ ማግኘት) ከዚያ ሁለት እጥፍ ያህል ይፈልጋል። ሜዳ ውስጥ የገባችው ኳስ ሂት የመሆን ዕድሏ ግን ለመርጋት ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጃል፤ የሊጉ አማካይ ሁልጊዜ .300 አካባቢ ነው። እንዲህ አስላው፦ ከሂቱ ላይ ሆም ራኑን (አጥር የተሻገረውን ምት) ቀንስ፣ ለብቻ ያዘው። ከ60ው ላይ ደግሞ ስትራይክ አውቱንና ሆም ራኑን ቀንስ። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍል።

ሁለት ሰዎች አሉ እንበል፤ ሁለቱም 60 ጊዜ ለመምታት ቆመው 12 ሂት፣ ከዚያ ውስጥ 2 ሆም ራን አላቸው። አንደኛው 15 ጊዜ ስትራይክ አውት ሆኗል፤ 10 ለ43 ሲካፈል .233 ነው። ኳሱን እየነካው ነው፣ ተከላካዮች እጅ ላይ እየወደቀበት ነው፤ ይመለሳል። ሁለተኛው 25 ጊዜ ስትራይክ አውት ሆኗል፤ 10 ለ33 ሲካፈል .303። ይሄኛው ዕድሉ አልጠመመበትም፣ ኳሱን ማየት አቅቶታል። በቴሌቪዥን ሁለቱም .200 ተብለው ነው የሚጻፉት።

ብርዱንም አስብበት። ኳስ በቀዝቃዛ አየር ሩቅ አትሄድም፤ ሆም ራን በሚሆን ርቀት ላይ በየ5 እና 6 ዲግሪ ሴልሺየሱ አንድ ሜትር ያህል ታጣለህ። የኤፕሪልን ምሽት ከጁላይ ጋር ስታወዳድረው 3 ወይም 4 ሜትር ማለት ነው፤ አጥሩ ሥር ተይዛ የምትቀረዋ ኳስ እሷ ናት። ፒቸሮችም (ወርዋሪዎቹም) በብርድ ኳሷ ትንሸራተትባቸዋለች፣ የፈጣን ኳሳቸው ፍጥነትም ሙሉ በሙሉ የሚመለሰው ሲሞቅ ነው። ስለዚህ የአንድን ፒቸር የኤፕሪል ፍጥነት ካለፈው ዓመት ኤፕሪል ጋር እንጂ ካለፈው ኦገስት ጋር አታወዳድር።

3. ማን ነው የሚያስሸንፍህ? ስታርተሩ (ጨዋታውን የሚጀምረው ፒቸር) ወይስ ቡልፐኑ? ከሁሉም በላይ ይሄን ያዝልኝ፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተውም እዚህ ነው። እያንዳንዱ ሽንፈት ላይ 6ኛው ኢኒንግ (ከጨዋታው 9 ዙሮች 6ኛው) ሲያልቅ ውጤቱ ስንት ነበር ብለህ ደብተርህ ላይ ጻፍ። እየመራ ወይም እኩል ሆኖ ከ6ኛው በኋላ የሚሸነፍ ቡድን እና በ3ኛው ኢኒንግ ከወዲሁ 5 ለ0 ኋላ የሚቀር ቡድን ሰንጠረዥ ላይ አንድ ይመስላሉ፤ በሽታቸው ግን ለየቅል ነው። ቡልፐን በጁላይ በተጫዋች ገበያ ይጠገናል። አራት ጥሩ ስታርተር በጁላይ የሚሸጥልህ የለም።

ማስረጃው 2019 ነው። የዚያን ዓመት የናሽናልስ ቡድን ከሜይ 20 እስከ 23 ኒው ዮርክ ሄዶ በሜትስ አራቱንም ተሸንፎ ሲመለስ 19 ድል፣ 31 ሽንፈት ነበረው። የናሽናልሱ ስታርተር ማክስ ሸርዘር በሜይ 22 ስድስት ኢኒንግ አንድም ራን ሳይቆጠርበት ወርውሮ 1 ለ0 እየመራ ወጣ። በ8ኛው ኢኒንግ ሜትስ 6 ራን አስቆጠሩ። ስድስት፣ በአንድ ኢኒንግ! በማግስቱም እንደገና በ8ኛው መሪነቱ ተነጠቀ። ከቡልፐኑ አንዱ ትሬቨር ሮዘንታል ዓመቱን ሲጀምር በመጀመሪያዎቹ 4 ጨዋታዎቹ አንድም አውት ማግኘት ስላልቻለ የኢ.አር.ኤ. ቁጥሩ (በ9 ኢኒንግ በአማካይ የሚቆጠርበት ራን) ሊሰላ እንኳ አልቻለም፤ በዜሮ አይካፈልማ! ሾርትስቶፑ ትሬ ተርነር ደግሞ ኤፕሪል 2 ባንት ሊያደርግ (ኳሷን በዱላው ቀስ ብሎ ሊነካ) ሲል ጣቱ ተሰብሮ እስከ ሜይ 17 አልነበረም።

ያኔ ከተማው በሙሉ አሠልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ ይባረር እያለ ነበር። ሬዲዮ ላይ ሌላ ወሬ አልነበረም። ትኬቱን በሳንቲም የሸጠው ብዙ ነው፤ በኦክቶበር ለአንዲት ወንበር የተጠየቀውን ዋጋ ሲሰማ ምን እንደተሰማው አላውቅም። ቆጥሮ የሚከታተል ሰው ግን ያኔም ያየው ነገር ነበር፦ ስታርተሮቹ ሸርዘር፣ ስትራስበርግና ኮርቢን በየ5 ቀኑ እየወረወሩ ነው፣ የተጎዱት መቺዎች እየተመለሱ ነው፣ ቤት እየፈረሰ ያለው ከ7ኛው ኢኒንግ በኋላ ነው። ክለቡ አሠልጣኙን አላባረረም። የፒቸሮቹን አሠልጣኝ በሜይ መጀመሪያ ቀየረ፣ ሮዘንታልን በጁን አሰናበተ፣ ጁላይ 31 ገበያው ሲዘጋ ዳንኤል ሃድሰንን ከቶሮንቶ አመጣ። ከ19 ለ31ዱ በኋላ 74 አሸንፎ 38 ተሸነፈ፤ ድምሩ 93 ለ69። ያስቆጠረው 873፣ የተቆጠረበት 724 ነው፤ ከላይ ያሳየሁህን ስሌት ብትሠራው እንዲያውም 96 ድል ይገባው ነበር ይልሃል።

ቡልፐኑ እስከ መጨረሻው አልታመነም፤ ስለዚህ ማርቲኔዝ በኦክቶበር ስታርተሮቹን በመሀል እያስገባ ተጫወተ። ሚልዋኪን 4 ለ3 ባሸነፉበት የዋይልድ ካርድ (የፕሌይኦፍ መግቢያ) ጨዋታ ስትራስበርግ 3 ኢኒንግ ከቡልፐን መጥቶ ወረወረ። በሂዩስተኑ የወርልድ ሲሪስ 7ኛ ጨዋታ ኮርቢን እንደዚያው 3 ኢኒንግ፣ የመጨረሻዋን ኳስ ደግሞ ያ በጁላይ የመጣው ሃድሰን። ለዋሽንግተን ከ1924 በኋላ የመጀመሪያው ዋንጫ ነው። ዛሬ ያ ቡድን ሲነሳ «እኔማ ከሜይ ጀምሮ አምኜባቸው ነበር» የማይል ሰው የለም፤ ማርቲኔዝ ይባረር ሲሉ የነበሩት እነማን እንደነበሩ እንግዲህ እግዚአብሔር ይወቅ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው አንጀቴ ያራል። መቺው ሬንዶን ወደ ኤንጀልስ ሄደ። ስትራስበርግ 245 ሚሊዮን ዶላር ፈርሞ ከዚያ በኋላ ጉዳት በጉዳት ሆኖ 8 ጨዋታ ብቻ ወረወረ። ሸርዘርና ተርነር በ2021 በአንድ ላይ ለዶጀርስ ተሰጡ፣ ሁዋን ሶቶ በ2022 ወደ ሳንዲያጎ። ከሶቶ ልውውጥ ኤብራምስ፣ ጎርና ጄምስ ዉድ ስለመጡ ክሱን ላለዝበው እንጂ!

የኢ.አር.ኤ. ነገር ከተነሳ፣ የቡልፐን ሰዎችን በእሷ ብቻ አትፍረድባቸው። ቤዝ ላይ ሰው ትቶ የወጣ ፒቸር፣ ተከትሎት የገባው ቢያስቆጥራቸው እንኳ ራኑ የሚጻፈው በወጣው ስም ነው። የሌላውን ሰው ሯጮች ሁሉ አስገብቶ በንጹሕ ቁጥር ወደ ቤቱ የሚሄድ ሞልቷል። በየጨዋታው ዝርዝር ግርጌ ተቀብሎ የገባቸው ሯጮች ስንት እንደነበሩና ስንቱ እንዳስቆጠሩ ይጻፋል፤ እሷን መስመር አንብብ። ባለፉት 3 ቀናት ስንት ኳስ እንደወረወረም ተመልከት። በኤፕሪል ስታርተሮች ክንዳቸው ገና ስላልጠነከረ 80 እና 85 ኳስ ላይ ይወጣሉ፤ ቀሪውን 4 ኢኒንግ የሚሸፍነው ያው ቡልፐን ነው። ሁለት ቀን ተከታትሎ ወርውሮ በሦስተኛው የተመታን ሰው «አበቃለት» ማለት ግፍ ነው።

4. «ይሄ ሰውዬ እስካሁን ለምን እዚህ አለ?» ለሚለው። ቡድኑ 26 ሰው ይይዛል፣ ከዚያ ውስጥ ፒቸር ከ13 አይበልጥም። ኦፕሽን (ክለቡ ወደ ታችኛው ሊግ የሚያወርድበት መብት) ያለው ተጫዋች በአንድ ዓመት እስከ 5 ጊዜ ወደ ሮቸስተር፣ ወደ ናሽናልስ ታችኛ ቡድን፣ ሊወርድ ይችላል። ኦፕሽኑን የጨረሰ ግን ሊወርድ ሲል ለሌሎች ክለቦች ስለሚቀርብ የፈለገ ክለብ ይወስደዋል። ስለዚህ በኤፕሪል ጥሩ የወረወረው ልጅ ወርዶ የተመታው ሽማግሌ ሲቀር አሠልጣኙን አትሳደብ፤ ወረቀቱ ነው ያስገደደው። በኤፕሪል ታችኛው ሊግ ለሚቀሩ ወጣቶችም ሌላ ሒሳብ አለ፦ 172 ቀን ያገለገለ እንደ ሙሉ ዓመት ይቆጠርለታል። የቺካጎዎቹ ካብስ በ2015 ክሪስ ብራያንትን ዓመቱ ከተጀመረ በኋላ ጠርተውት በ171 ቀን ጨረሰ፤ በአንዲት ቀን ነፃ ሆኖ ክለብ የመምረጥ መብቱ አንድ ዓመት ተገፋበት፣ ቢከስም በ2020 ተፈረደበት። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ትንሽ ለዝቧል፣ ልማዱ ግን አልጠፋም።

ትኬቱን በተመለከተ፣ የምትሸጥም ከሆነ አሁን አይደለም። በኤፕሪል በሥራ ቀን ምሽት ያለ ጨዋታ ብርድ ነው፣ ልጆች ትምህርት ቤት ናቸው፣ ገዢ የለም፤ እነዚህን ራስህ ሂድባቸው። የሜትሮውን ግሪን ላይን ይዘህ ስታዲየሙ አጠገብ ኔቪ ያርድ ትወርዳለህ፣ ወፍራም ጃኬት አትርሳ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ያሉትን ቅዳሜና እሑዶች ያዝና 50ኛው ጨዋታ አልፎ ደብተርህን ካየህ በኋላ ወስን። ባልደረባህ ትኬት እንከፋፈል ካለህ ደግሞ የፊሊስን ጨዋታዎች ዝም ብለህ አትልቀቅለት፤ ፊላዴልፊያዎች በመኪና እየጎረፉ ስለሚመጡ ናሽናልስ አሸነፈም ተሸነፈም ዋጋው የማይወርደው የእነሱ ነው።