አንድ ተማሪ፣ ሁለት ሜንተር

ሦስት ሆናችሁ የምትሠሩትን ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ፕሮጀክት ለቀጣዩ ጎግል ሰመር ኦፍ ኮድ ልታስመዘግቡ ነው፤ ጎግል እየከፈላቸው አዲስ ሰዎች በእንዲህ ያሉ ፕሮጀክቶች ላይ ኮድ የሚጽፉበት ፕሮግራም ማለት ነው። ስንት ተማሪ እንጠይቅ ብለሃል። አንድ። አንድ ብቻ። ግን ለእሱ ሁለት ሜንተር፣ ማለትም ሥራውን እያየ የሚመራው ሰው፣ ይኑራችሁ።

እኛ ይሄ የገባን ከተቃጠልን በኋላ ነው። ፕሮጀክታችን በግዕዝ ፊደል ላይ የሚሠራ ትንሽ ነገር ነው። መጀመሪያ የተሳተፍን ጊዜ ሁለት ተማሪ ጠይቀን ሁለቱንም አገኘን፣ ደስታችን ለጉድ ነበር። ሰኔ ላይ አንዱ ሜንተር አዲስ ሥራ ያዘና ድምፁ ጠፋ። የእሱ ተማሪ ፑል ሪኩዌስት (ታይቶ እንዲገባለት የሠራውን ኮድ) ይልካል፣ ሳምንት ሙሉ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ሁለቱም ተማሪዎች እኔ ላይ ወደቁ፤ ቀን መሥሪያ ቤት፣ ማታ ኮዳቸውን ማየት፣ መብራት ሲሄድ ደግሞ በስልክ፣ በዚያች ጠባብ ስክሪን ኮድ አነባለሁ። የመሃሉ ግምገማ ሲደርስ ልጁ ከሥራው ሩቡን እንኳ አልጨረሰም። ወድቋል ይባላል እንዴ? ያዘገየነው እኛው ነን። አሳለፍነው፣ ጊዜውንም አራዘምንለት። መደበኛው 12 ሳምንት ነው፣ ከተስማማችሁ ግን እስከ 22 ሊረዝም ይችላል። የአገር ቤት ተማሪ ከያዛችሁ ይሄን አስቡበት፣ ሥራው የሚጀመረው ብዙ ጊዜ ፈተና ላይ ነው።

ማመልከቻው የሚከፈተው ጥምቀት አካባቢ ነው፣ የሚቆየውም ሁለት ሳምንት ገደማ። ፎርሙ ቀላል ነው፣ አያስጨንቃችሁ። ጎግል አጥብቆ የሚያየው የሐሳብ ዝርዝራችሁን ነው፣ ተማሪው ሊሠራቸው የሚችሉ ሥራዎች ዝርዝር ማለት ነው። ስለዚህ ከኅዳር ጀምራችሁ ጻፉ። "ድረ ገጹን ማሳመር" ሐሳብ አይደለም። ምን እንደሚሠራ፣ ሲያልቅ ምን እንደሚገኝ፣ ምን ማወቅ እንደሚጠይቅ፣ 90፣ 175 ወይስ 350 ሰዓት እንደሚወስድ፣ ማን እንደሚከታተለው ይጻፍ። የሰነድ ሥራ ብቻ የሆነ ሐሳብ አይቀበሉም፣ ኮድ መሆን አለበት። እያንዳንዱን ሐሳብ ደግሞ ሜንተር የሚሆነው ሰው ራሱ ይጻፈው። እኔ ለሌላ ሰው የጻፍኩትን ሐሳብ ያ ሰው ሐምሌ ላይ "ይሄ ምን ማለት ነው?" ብሎ ጠይቆኛል።

ተማሪ ስትመርጡ አመልካቾች በሚልኩት ፕሮፖዛል እንዳትሸወዱ። አሁን አሁን ሁሉም ፕሮፖዛል እንደ ወለላ ማር ይፈሳል፣ ኤአይ እንደጻፈው እናውቃለን። እኛ አንድ ነገር ብቻ እንጠይቃለን፦ ፕሮግራሙን ማሽንህ ላይ አስነሳና አንዲት ትንሽ ስህተት አርመህ ላክ። ግማሹ እዚያው ይቀራል። ባለፈው የመረጥናት ልጅ ፕሮፖዛሏ ሁለት ገጽ አይሞላም ነበር። የላከችው እርማት ግን አራት መስመር ሆኖ ቴስት (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ኮድ) ነበረው፤ አስተያየት ስንሰጣት በማግሥቱ አስተካክላ መለሰች። ዛሬም ከእኛ ጋር ናት፣ እንዲያውም የእኔን ኮድ የምታርመው እሷ ናት። በነገራችን ላይ ከ2022 ወዲህ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሆን ግዴታ አይደለም፣ 18 ዓመት የሞላውና ለኦፕን ሶርስ አዲስ የሆነ ሰው ይችላል።

ለልጁ የሚከፍለው ጎግል ነው፣ ከኪሳችሁ አይወጣም። በመጀመሪያው ዓመት ካልተቀበሏችሁም አትደንግጡ፣ ብዙ ፕሮጀክት ሁለት ሦስቴ ይሞክራል።

ዝርዝሩን ስትጨርሱ ላክልኝ፣ በደስታ አየዋለሁ። ሰኔ ላይ ግን አትላክ።